ጋሽ ተክሌን እያየሁ

ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ኮሌጃችን ፕሬዘንቴሽን ላይ አንዴ ተንተባትቤ ስለወደቅሁ፣ ከድጋሚው በፊት በቤተ መጻሕፍቱ ተማሪዎችን ንግግር የሚያለማምዱት ጋሽ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ።

«ሕዝቡን እርሳው! የምታውቀው አንድ ሰው ምረጥና እሱን ብቻ እያየህ ተናገር» አሉኝ።

በዕለቱ ሊያበረታቱኝ መጥተው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከሳቸው በላይ ማንን አውቃለሁ? ዓይኔን ሳልነቅል ስለ መጻሕፍት ስርቆት ተናገርኩ። «ሌባው እዚሁ መካከላችን ነው!» ስል ተማሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ላባቸውን ጠረጉ። ንግግሬ ልባቸውን የነካ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ።

ስጨርስ መምህሬ «አልፈሃል። ግን ሰውዬው ምን አደረጉህ?» አለኝ። ያኔ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይቅርታ ልጠይቅ እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩባቸው። «ጋሽዬ፣ በእግዚአብሔር…» ከማለቴ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ማን ነገረህ?»