የሌምፒ ምድጃ ሳጥን

ሌምፒ ሃርዩ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። በሰሜን ሚኒሶታ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ወጥታለች፤ ከሥራው የተረፋት ሰው በቆመበት ሁሉ "ተቀመጡ!" የማለት አመል ነው። ታዲያ በየዓመቱ የካቲት ላይ ሐይቁ ረግቶ መኪና የሚሸከም ሲሆን፣ ከሟች ባሏ ወንድም ከዋይኖና ከፖስታ አዳይዋ ከቬርና ጋር ሆና አምስት ሌሊት በረዶው ላይ ድንኳን ተክላ ታድራለች። ለምን ተብላ ስትጠየቅ፣ "ቤቴ ይሞቀኛል" ትላለች፤ በቂ መልስ ይመስል።

ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ የዕቃ ፍርድ አለ። በሌምፒ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ይነጠፋል፤ ተራ የደረሰው ዕቃውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ትርፍ ነው ያሉትን እያነሱ ወደ ጥግ ይወረውራሉ። የተወረወረ አይመለስም። ከዚያ እያንዳንዱ በረዶ ላይ የሚጎተተውን የራሱን ሸርተቴ ጭኖ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ከጋራዡ በር እስከ ኮረብታው አናት ሳይቆም ይጎትታል። መንገድ ላይ የቆመ ከጉዞው ይቀራል። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ሌምፒ ናት፤ አንድ ዓመት ላይ አንድ የጥርስ ሐኪም በረዶው ላይ ደክሞት ከነዕቃው ጎትታ ካወጣችው ወዲህ።

ዘንድሮ ደንቡ ወደ እናቱ ዞረ። ከገና ወዲህ የሌምፒ ቀኝ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ሜዳው በረዶ ላይ ምንም አይላት፤ ጠላቷ ኮረብታው ብቻ ነው። መቅረቱ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ዋይኖና ቬርና ያለ እሷ ዓሣ ሊጠብሱ! ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የድንኳኑን ማሞቂያ፣ ሠላሳ ፓውንድ የሚመዝነውን የብረት ምድጃ፣ ከሳጥኑ አውጥታ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሸሸገችው። ሳጥኑ ሙሉ እንዲመስል ቀላል ፈንዲሻ ሞላችው። ሰኞ ማለዳ ምድጃውን መልሳ ብትከተው ማን ያያል?

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የቬርና ዕቃ ተዘረገፈ። ሌምፒ ሮዝ ፒጃማ በሁለት ጣቷ አነሳች።

"ይሄ ምንድነው?"

"ፒጃማ ነዋ!"

"ጥጥ ነው። ጥጥ ላብሽን ይጠጣና ይረጋል፤ አንቺም አብረሽው ትረጊያለሽ።" ፒጃማው ወደ ጥግ በረረ።

ከዋይኖ ዕቃ መሀል ሦስት ጠርሙስ የኮመጠጠ ኪያር ወጣ።

"ጠርሙሱ በብርድ ፈንድቶ ስብርባሪ ልታስለቅመን ነው?" አለች ሌምፒ።

"አንዱን ብቻ ተዪልኝ፤ በወንድሜ ይሁንብሽ።"

"ወንድምህ ነፍሱን ይማረውና፣ ኪያር ይዞ መጥቶ አያውቅም።"

ቅቤውን ግን ማንም አልነካም። በዚያ ብርድ ቅቤ እንደ ዳቦ እየተገመጠ ይበላል። የሌምፒ ተራ ሲደርስ የምትታጠፍ ወንበሯንና ሁለት ወፍራም መጻሕፍቷን ጣሉባት፤ እሷም አንድ ቃል ሳትከራከር ተወቻቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣሪያው ይነሳ ነበር። የምድጃውን ሳጥን የከፈተ የለም።

ቦት ጫማዋን ልትቀይር ቤት ገብታ ስትመለስ፣ ሸርተቴዋ ተጭኖና ታስሮ ጠበቃት። "ደጎች ናቸው" አለች በሆዷ፤ ትንሽም ሐፍረት ሸነቆጣት። ገመዱን ታጥቃ ሳብ አደረገች። ሸርተቴው ንቅንቅ አላለም።

"ከበደሽ እንዴ?" አለ ዋይኖ ከኋላዋ።

"ላባ ነው!"

ምን ትበል? ፈንዲሻ ሞልቼው ሳለ ከበደኝ ማለት ሌብነቷን በገዛ አፏ ማወጅ ነው። ዝም አይነቅዝም ብላ ጥርሷን ነከሰችና መጎተት ጀመረች። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ጉልበቷን እንኳን የሚያስረሳ ፍርሃት ያዛት። ፈንዲሻ እንዲህ ከከበዳት እርጅናው መጥቶ አልቋል ማለት ነው፤ ያለፈው ዓመት ጉዞዋ የመጨረሻዋ ነበር፤ ማንም አልነገራትም እንጂ። እልህ ያዛት። እያነከሰች፣ የምታውቀውን ሰው ሁሉ እየረገመች፣ አናቱ ላይ ደርሳ ሸርተቴዋ ጫፍ ላይ ዘጭ አለች።

"አልቆመችም!" ብላ ጮኸች ቬርና ከበሩ፣ ወደ ላይ እየሮጠች።

ዋይኖ ቀድሞ ደረሰ። የሸርተቴውን ሸራ ፈታ፣ ሳጥኑን ከፈተው። ነፋሱ ፈንዲሻውን አንስቶ ኮረብታው ላይ በተነው። ከሥሩ አንድ ግራጫ ድንጋይ ተጋድሟል።

"ሠላሳ ፓውንድ" አለ ዋይኖ፣ ከኪሱ የማትለየውን የዓሣ ሚዛን እያሳየ። "እንዳታሚኝ በደንብ መዝኜዋለሁ። ምድጃሽን ጎትተሻል ማለት ነው። ሰኞ እንሄዳለን።"

ሌምፒ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እንባ መጣ። ድንጋይ ነበር! እርጅና ሳይሆን ድንጋይ! በዕድሜዋ እንደዚህ ያስደሰታት ድንጋይ የለም። ዋይኖን አንገቱን አቅፋ ልትስመው ስትል ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና እጇን መለሰች።

"ቆይ ቆይ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ሳጥን ከፍቶት የሚያውቅ የለም። አንተ ዛሬ ምን ነካህና ከፈትከው?"

ዋይኖ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳበ።

"እኔማ... አምና ወገቤን አሞኝ አልነበር?"

"እና?"

"ኮረብታውን የጎተትኩት የምግብ ሳጥን ውስጥ ያለው ትራስ ነበር።"

"ሌባ እናት ልጇን አታምንም አሉ!" አለች ቬርና በሳቅ ፍርስ ብላ።

ሌምፒ ከሸርተቴው ላይ ተነሳች። ሳጥኑን ከነድንጋዩ ዘጋችው፣ ሸርተቴውን ወደ ቁልቁለቱ አዞረችና በደህናው እግሯ ገፋችው። ሸርተቴው እየተንሸራተተ ወርዶ፣ ገና ያልተጎተተው የዋይኖ ጭነት አጠገብ ቆመ።

"ውረድ" አለችው። "ያ የአምናህ ነው፤ ከዘንድሮው ላይ ደርበህ ጎትት።"