አንድ ክንድ ለአሮጌው ቤት

አያቴ በቆቦ ሰፈራችን ሰው ቤቱን ሲቀጥል ካዩ ቆም ይሉና ክንዳቸውን ግድግዳው ላይ ዘርግተው «ለአሮጌው ቤት አንድ ክንድ ልቀቅለት፤ መተንፈሻ ይኑረው» ይሉ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማቸዋል። ያልሰማኋቸው እኔ የልጅ ልጃቸው ነኝ።

የእህል ነጋዴ ነኝ። አያቴ ከሚኖሩበት፣ አባታቸው ከሠሩት የድንጋይ ቤት ጎን የብሎኬት መጋዘን ስቀጥል ቦታ እንዳይባክን ብዬ ግድግዳዬን እስከ በራቸው አስጠጋሁት።

«አባባ፣ የቀረው መተላለፊያ የማሽላ ጆንያ እንደሆነ በደንብ ያሳልፋል» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ጆንያ ነኝ? የምሸኝ ቀን በየት ልታወጡኝ ነው?»

«እሱን ያኔ እናስብበታለን።»

ሁለታችንም ሳቅን።

ዘንድሮ አረፉ። የአስከሬን ሳጥኑ በግድግዳዬና በበራቸው መሃል አልዞር ስላለ ውጭ ቀረ። እሳቸውን በጋቢ ጠቅልለን፣ ለቀስተኛው ሁሉ እያየ፣ እንደ ጆንያ አቁመን አወጣናቸው። ጆንያ በማውጣት የሚስተካከለኝ ስለሌለ ከፊት የያዝኳቸው እኔ ነበርኩ።

በአርባቸው ማግስት ግድግዳዬን አፍርሼ አንድ ክንድ አርቄ ሠራሁት። አሁን በራቸው ፊት ባዶ ቦታ አለ። የለካሁት ግን በራሴ ክንድ ነው፤ የሳቸው ይረዝም ነበር።