የወረቀት ጣውንቴ

ጣውንቴ ሊየን ትባላለች። ስድስት መቶ ዓመት በሆነው የቻይና ተውኔት ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ ሥጋ እንኳ የላትም። ባሌ ሴይጂሮ ግን እዚሁ ኪዮቶ፣ እኔ ያፈላሁትን ሻይ እየጠጣ፣ ተውኔቱን ወደ ጃፓንኛ ሲተረጉም ሠላሳ ዓመት ከሷ ጋር ኖሯል።

ጎረቤቴ ኦካትሱ ትስቅብኛለች። «ባልሽ አይጠጣ፣ ጌሻ ቤት አይሄድ። ምን ጎደለሽ?»

«የሚሄድላት ሴትማ እቤቴ ገብታ ተቀምጣለች።»

«አቤት አንቺ! በወረቀት ትቀኛለሽ?»

አዎ፣ እቀናለሁ። ለኔ ያለው ቃል «ሻይ» እና «መታጠቢያው ሞቀ?» ነው። ለሷ ግን አንዲት ቃል ሲመርጥ ሦስት ቀን ያምጣል። በሚተረጉመው ጽሑፍ ላይ ቅንጣት የማይጨምር፣ የማይቀንስ እያሉ ተማሪዎቹ ይፈሩታል።

ዘንድሮ በበጋው ሙቀት፣ እንደ ወትሮው መጻሕፍቱን ከብል ለማዳን በረንዳ ላይ ሳናፍስ፣ ያለቀው ትርጉም እጄ ገባ። ሌላ ቅጂ የለውም፤ ሰኞ አሳታሚው ሊወስደው ነው። ታቅፌው የመታጠቢያውን ውሃ ወደሚያሞቀው ምድጃ ሄድኩ። እሳቱ ነድዷል። ከመክተቴ በፊት ግን፣ ምን ብትለው ነው እንዲህ የያዘችው ብዬ የመጨረሻውን ትዕይንት ገለጥኩ።

ሊየን ወንዝ ዳር ቆማ፣ ጀልባ ላይ የወጣውን የምትወደውን ሰው ትሸኛለች። «ይሂዱ» ትለዋለች። «ሲርብዎ ይጻፉልኝ፤ ሲከፋዎ ግን አይጻፉ፤ መምጣት አልችልምና።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ! በተጋባን በአራተኛው ወር፣ ለትምህርት ወደ ፔኪንግ ሲሄድ፣ ኮቤ ወደብ ላይ። ምላሴንም ወሰደችብኝ! ይባስ ብሎ ሰውየው ከጀልባው ወረደላት። የኔው ባርኔጣውን አንስቶልኝ ነው የሄደው።

ሴይጂሮ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። «መታጠቢያው ሞቀ?»

«አንተ!» አልኩት፤ አንቱታን ስረሳ የመጀመሪያዬ ነው። «ያን ቀን ለምን አልወረድክም?»

ወረቀቱን አየ፤ እሳቱን አየ። «የመርከቡ ፊሽካ ጮኸና... አልሰማሁሽም።»

«ሰምተህማ ጽፈኸዋል!»

አንገቱን ደፋ። «'ይሂዱ' አልሽኝ። ሄድኩ።»

«እሷም 'ይሂዱ' ነው ያለችው። የሷ ሰው ገባው!»

«በቻይንኛው ሰውየው አይወርድም» አለ። «ዞሮም አያያትም። ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን በአንድ እጄ ደረቴ ላይ አቅፌ በሌላ እጄ ማገዶ ጨመርኩ።

«ይግቡ፣ ውሃው ሞቋል» አልኩት።

ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ለኔ መውረድ ሲገባው፣ ለሷ ወረደላት።