እህል አልቀመሰችም

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ የዘመነችን እጅ የማያውቅ ወያላ የለም። ከሱቋ ደጃፍ ብስኩት አንሥቶ ሊሮጥ የሞከረውን አንዱን በሚዛን ድንጋይ ጉልበቱን ብላው ወር ሙሉ አነከሰ። ባሏ ደመቀም አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በጥፊ መታት። በድስት ክዳን ግንባሩን ፈነከተችውና ሦስት ቦታ ተሰፋ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም ነው፤ ሰላም ከተባለ።

እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ያሳደገቻት አክስቷ ቀራንዮ ሰፈር ዳቦ እየጋገረች ትሸጥ ነበር፤ ዘመነች ከሚሸጠው ዳቦ ጫፍ ቆርሳ ከተገኘች በኤሌክትሪክ ገመድ ትገረፋለች። ምልክቱ ዛሬም ጀርባዋ ላይ አለ። ልጇን ራዕይን የወለደች ዕለት ታዲያ፣ ልጄ ሆዷ ጎድሎ አያድርም ብላ ማለች።

ራዕይ አምስት ዓመት ሲሞላት እንጀራ እምቢ አለች። ክንዷ ቀጠነ። የትል መድኃኒት አጠጧት፣ ቸርች ወስደው አስጸለዩላት፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ጤና ጣቢያ መዝነው፣ ለዕድሜዋ አንሳለች አሉ። ዘመነች ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብላ ፈራች። ዘመነች ደግሞ ስትፈራ ትመታለች። እናት የተገረፈችው በልታ ነበር፤ ልጅ የምትገረፈው አልበላም ብላ።

ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ሱቁ ውስጥ ጦርነት ነው። ልጅቷን በጉልበቶቿ መሀል ጨምቃ ትይዝና አፍንጫዋን ታፍናለች፤ አፏ ሲከፈት ጉርሻውን በአውራ ጣቷ ትጠቀጥቃለች። ከተፋች ጥፊ ነው። ጥፊው ካላስዋጣት ማማሰያው አለ።

አንድ ማክሰኞ ጉርሻው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ራዕይ መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፣ ቀጥሎ ከንፈሯ ጠቆረ። አጠገባቸው ጫማ የሚሰፉት ጋሽ በየነ ወስፌያቸውን ጥለው ገቡ። ልጅቷን ከእናቷ ነጥቀው ክንዳቸው ላይ ደፏትና ጀርባዋን በመዳፋቸው ደጋግመው መቱ። በአራተኛው ምት ጉርሻው ወጣ። ተከትሎት በቀይ ጁስ የራሰ ችፕስና ብስኩት መሬቱን ሞላው።

"ይቺ ልጅ እኮ ጠግባለች" አሉ ጋሽ በየነ።

"ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ጋሼ።"

"ሦስት ሰዓት ላይ ስታለቅስ ችፕስ ሰጠሻት። ቀጥሎ ብስኩት። ገበያ ሲበዛብሽ ደግሞ ጁስና ሌላ ችፕስ። እዚሁ ተቀምጬ የማይ አይደለሁ?"

"እሱ ምግብ ነው እንዴ? ማባበያ ነው።"

"ሆዷ ይሄን በምን ይለያል?"

ዘመነች ደረታቸውን ገፍታ ከበሩ አስወጣቻቸው። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ወደቁና ክርናቸው ደማ። እሷ ዞር ብላ የለስላሳ ሳጥኑን ሳበች፤ ከኋላው የችፕስና የብስኩት ባዶ ላስቲክ ተከምሯል። የሁሉም ጫፍ በጥርስ ተቀዷል፤ ለልጇ የቀደደችው ደግሞ ዘመነች ራሷ ናት። ለእሷ እንጀራ ያልበላ ሰው አልበላም፤ ይህ ሁሉ አንድም ቀን ልጄ በልታለች አላስባላትም። ያን ጊዜ ተቀምጣ አለቀሰች።

በማግስቱ ጋሽ በየነን ይቅርታ ጠየቀች። "የኔስ ይድናል" አሏት ክርናቸውን እያሹ፤ "እሷን ጠይቂ።"

ችፕሱን ከላይኛው መደርደሪያ ሰቀለችው። ራዕይ ጮኸች፣ ሚዛኑን ገለበጠች፣ የእናቷን እጅ ደም እስኪወጣ ነከሰች። ዘመነች ቻለችው። ስድስት ሰዓት ገደማ ልቅሶው ቆመ።

"እማዬ፣ ራበኝ።"

ዘመነች ይህን ቃል ከልጇ ሰምታ አታውቅም። ሳህን ለማውረድ እጇን ወደ መደርደሪያው አነሣች። ራዕይ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንገቷን ሰበረች፣ አፏን እስከቻለችው ድረስ ከፈተች።

ዘመነች እጇን እንደሰቀለች ቀረች። ቆይታ ሳህኑን ቀስ ብላ አወረደች፣ እንጀራውን አቀረበች፣ ከዚያም ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው። ራዕይ አንድ ዓይኗን ገለጠች። በዓይኗ መጀመሪያ የፈለገችው ሳህኑን ሳይሆን የእናቷን እጆች ነበር። የት እንዳሉ ካየች በኋላ እንጀራ ቆረሰች።