የሟቿ ሁለት ዓመት

ሱዳን ስገባ የያዝኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው አገር ቤት የተማርኩት የሁለት ዓመት የነርስነት ትምህርት፣ ሁለተኛው ክርስትና ስሜ። ትምህርቱ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ እንጂ ወረቀት ላይ አልነበረም። ክርስትና ስሜን ደግሞ ከእናቴ፣ ከንስሐ አባታችንና ከራሴ በቀር የሚያውቀው የለም። እኛ ዘንድ ክርስትና ስም በየሜዳው አይነገርም፤ ክፉ ሰው ይደግምበታል ተብሎ ይፈራል። ሲቆርቡ ለቄስ ይነገራል፣ ሲሞቱ በፍትሐት ይጠራል፣ ሌላ ጊዜ አርፎ ይቀመጣል። ስለዚህ እኔም ሁለቱንም ስሞቼን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ከአገር የወጣሁት ወጣት መሆን ብቻውን በሚያስገድልበት ዘመን ነው። አብረውኝ ከሚያድሩት ተማሪዎች መካከል ተወስደው ሳይመለሱ የቀሩ ሲበዙ፣ ተራው የእኔ መሆኑ ገብቶኝ ለአረም ወደ መተማ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ተቀላቀልኩ። ድንበሩን እንደተሻገርን ስደተኛ የሚመዘግበው ሱዳናዊ ጸሐፊ ስማችንን ጠየቀ። ያኔ ትክክለኛ ስሙን የሚናገር ሞኝ ነበር። የደርግ ጆሮ ገዳሪፍ ገበያ ድረስ እንደሚሰማ ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ ስምህ ከተሰማ እዚያ ወንድምህ ይታሰራል። አንዱ የጎረቤቱን ስም ሰጠ፣ ሌላው የሙስሊም ስም አወጣ። እኔ ግን ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ ብዬ ክርስትና ስሜን ሰጠሁ። ጸሐፊው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይፈልጋል። ክርስትና ስሜ በ«ወለተ» የሚጀምር ባለ ሁለት ቃል ስለሆነ ሁለቱን ቦታ ሞላው፤ በሦስተኛው ላይ የቅድመ አያቴን ጨመርኩ። ሳልዋሽ ተደበቅሁ ብዬ በልቤ ኮራሁ። መታወቂያዬ ላይ የሰፈረው እሱ ነው።

ገዳሪፍ ላይ ለዓመታት ሰሊጥ ነፋሁ። ነጋዴዎቹ መፋዛ ከሚባለው አገርም ከሌላውም እርሻ የሚመጣውን ሰሊጥ መጋዘን ያስገቡታል፤ እኛ ሴቶቹ መሬት ላይ ተደርድረን በወንፊት ከአፈሩና ከጠጠሩ እንለየዋለን። አቧራው ከአፍንጫ አይወጣም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ እንኳ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸትሻል። ከጎኔ የምትቀመጠው ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ሠፈር የመጣች ኤርትራዊት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አማርኛዋን በትግርኛ እያዋዛች ስታወራ ቀኑ ቶሎ ያልፋል። እኔ ምላሴ ሰላ ያለ፣ ትዕግሥቴም አጭር ነው፤ ከመጋዘኑ ኃላፊ ጋር ስጣላ ቀሚሴን ጎትታ የምታስቀምጠኝ እሷ ነበረች።

በድርቁ ዓመት የስደተኞች ሠፈሮቹ በሰው ሲጨናነቁ፣ ነርስ ጠፋ ተብሎ አንድ የእርዳታ ድርጅት ካርቱም ኮሌጅ ገብተው ለሚማሩ ስደተኞች ስኮላርሺፕ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እውነት ሆነ። የሚከፍለው ግን ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ዲግሪው ደግሞ አራት ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ ነገሩ ቁርጥ ነበር። የአገር ቤቱ ሁለት ዓመት ከተቆጠረልኝ በቀሪው ሁለት ዓመት ባለ ዲግሪ እሆናለሁ፤ ካልተቆጠረልኝ ከወንፊቱ ጋር አረጃለሁ። የድርጅቱ ሰው «የተማርሽበትን የውጤት ወረቀት አምጪ» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝነቱ እንጂ ወረቀቱ አልነበረኝም። ስሙ ከመታወቂያዬ ጋር ባይገጥም ዳኛ ፊት ቀርቤ እምላለሁ፣ ዋናው ወረቀቱ ይምጣ ብዬ አሰብኩ።

በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርድ አንድ የሰፈራችን ሰው ነበር። አጨዳው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ለእናቴ ቃል ላክሁበት፤ ውጤቴን ከትምህርት ቤቱ አውጪና በዚሁ ሰው እጅ ላኪልኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። በጋው አለፈ፣ ክረምቱ መጥቶ ያ ጥቁር አፈር እግር እየያዘ አላራምድ አለ፣ ክረምቱም አለፈ። ጥቅምት ላይ ሰውየው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አየሁት። እጁ ባዶ ነው።

ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ዳስ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሰውየው ወሬውን ከየት እንደሚጀምር ቸግሮት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ብዙ አወራኝ። በመጨረሻ ነገረኝ። እናቴ ወረቀቱን ልታወጣ ደፋ ቀና ስትል ወሬው ከየት እንደወጣ ሳይታወቅ ቀበሌ ደረሰ። ልጅቱ ሱዳን አለች ማለት ነው ብለው ታናሽ ወንድሜን ወሰዱት፤ እህትህን ካላመጣህ አትወጣም አሉት። እናቴ ደጅ ብትጠና፣ ሽማግሌ ብትልክ የሚሰማት አጣች። ሌላ መንገድ ሲጠፋ ይሄንኑ ሰው ጠርታ መርዶ አምጣልኝ አለችው። እሱም ሰሊጥ እርሻ ላይ በወባ ሞታ ቀበርናት ብሎ ለሰፈሩ ተናገረ። ድንኳን ተተከለ፣ ፎቶዬ ወጥቶ ደረት ተደቃበት፣ ስሜ እየተጠራ ሙሾ ወረደ። የሞተችን ማን ያመጣል? ወንድሜን ለቀቁት።

«እናትሽ ያለችውን ልንገርሽ» አለኝ ሰውየው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «‹ልጄ፣ ሞተሻል፤ ሞተሽ ቅሪ። ያ ስም ካፍሽ እንዳይወጣ› ብላለች።»

ወንድሜ በመውጣቱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ለቅሶ ካለ ፍትሐት አለ፤ ፍትሐት ካለ ደግሞ ቄሱ የሚጠሩት ክርስትና ስም ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለው፣ ጠዋት ማታ የምጠራበት ስም ከሙታን ጋር ተቆጥሯል ማለት ነው። ፍትሐት ተደርጓል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እኔ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አላየሁም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በካርዴ ስም ሲጠራኝ ሰውነቴ ሽምቅቅ ይላል። በቤት ስሜ ተለቅሶልኛል፣ በክርስትና ስሜም ሳይፈታልኝ አይቀርም፤ ታዲያ ይቺ ሰሊጥ የምትነፋው ማን ናት እያልኩ ብቻዬን አለቅስ ነበር።

ከጎኔ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ የነገርኳት ወረቀቱ እንደማይመጣ ብቻ ነው። እሷም እየዞርሽ ከምታለቅሺ ኮሌጁ ድረስ ሄደሽ ለምን ቁርጥሽን አታውቂም አለችኝ። ስደተኛ ያለ ተስሪህ ከገዳሪፍ ንቅንቅ ማለት አይችልም፤ የመንገድ ፈቃዱን እስካገኝ ስንት ቢሮ ተመላለስኩ። ካርቱም ስደርስ የኮሌጁ ዲን ነጭ ቶብ የለበሰች፣ ረጋ ያለች ሱዳናዊት ዶክተር ሆና አገኘኋት። ወረቀት የለኝም፣ አይመጣምም አልኳት በእንግሊዝኛ። እሷ ግን ወረቀት የሌለው ሰው በየትምህርቱ ፈተና ተቀምጦ ማለፍ ይችላል፣ ያለፈው ሁሉ እንደተማረው ይቆጠርለታል አለችኝ። ደሜ ፈላ። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው እንዴት ጠፋ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁባት፤ ለዚያ ወረቀት ወንድሜ ምን እንደከፈለ በምን ታውቃለች? ማሌሽ፣ የጠየቀ የለም አለችኝ፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። የሁለቱን ዓመት ትምህርት በሙሉ በአንድ ሳምንት እፈተናለሁ። ከአንድ ትምህርት በላይ ከወደቅሁ ስኮላርሺፑ ቀረ።

ከካርቱም መጽሐፍ ተውሼ ገዳሪፍ ተመለስኩ። መጽሐፉን ከወንፊቱ አጠገብ ዘርግቼ፣ አቧራውን እያራገፍኩ፣ የአጥንቱን ስም ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት እደግማለሁ። የተማርኩትን ዳግም መማር ያናድዳል፤ እንጀራውን በልተሽ ስትጨርሺ ዱቄቱን መልሺ እንደመባል ነው። ጓደኛዬ አንድም ቃል እንግሊዝኛ ሳታውቅ ዜማውን ያዘችው። ሳቆም «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ገና ወገብ ላይ ነሽ፣ ጉልበቱስ?» ትለኛለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። የሄድኩ ቀን አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኝ መስቀሏን ከአንገቷ አውልቃ አጠለቀችልኝ።

የመጀመሪያው ፈተና ስለ ሰውነት ክፍሎች ነበር። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ጣራው ላይ ማራገቢያው ይዞራል፣ ፈታኟ በወንበሮቹ መካከል እየዞረች መታወቂያ ታያለች። ወረቀቱ ተሰጠኝ። ጥያቄዎቹን ገረፍ ገረፍ አድርጌ ሳያቸው የማውቃቸው ናቸው፤ ልቤ ሞላ። እስክሪብቶዬን አንስቼ ስሜን ጻፍኩ። ፈታኟ አጠገቤ ስትደርስ መታወቂያዬን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና መታወቂያውን አየች። ዝቅ ብዬ ብመለከት የጻፍኩት የድሮውን ስሜን ነው። ያንን ትምህርት የተማረችው የዚያ ስም ባለቤት ነበረችና እጄ እሷን ጠራት። ደንግጬ ሰረዝኩት፤ መሰረዜ ደግሞ ይባስ አስጠረጠረኝ። ሰው በሰው ስም እየገባ ይፈተናል የሚባልበት ጊዜ ነበር። ፈታኟ ወረቀቱን ነጥቃ ወደ ዲኗ ወሰደችኝ።

ዲኗ የተሰረዘውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

እውነቱን ብናገር ስሙ ከዚያ ክፍል ይወጣል፤ ከካርቱም ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ድንበር ምን ያህል ነው? ወንድሜ ታየኝ። ዝም ብል ፈተናው ቀረ። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ሌሎቹ ሲጽፉ ይታየኛል።

«እህቴ ናት» አልኳት። «ሞታለች። ይህን ትምህርት አብረን ነበር የተማርነው።»

ዲኗ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። «አላህ ይርሐማ» አለች፤ ነፍስ ይማር ማለት ነው። አዲስ ወረቀት በገዛ እጇ አውጥታ ሰጠችኝና ያለፈሽን ጊዜ ይጨምሩልሻል ብላ መለሰችኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ከሙታን ጋር ተጠርቷል ብዬ የምፈራውን ያንን ስም ከላይ ጻፍኩት። እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ቀና ብዬ ማራገቢያውን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩ።

ከኬሚስትሪ በቀር ሁሉንም አለፍኩ። ኬሚስትሪውን ከሦስተኛው ዓመት ጋር ደርቤ ተማርኩት፤ ድሮም አልወደውም ነበር። በሁለት ዓመት ተመረቅሁና ገዳሪፍ ተመልሼ በሠፈሮቹ ክሊኒክ ነርስ ሆንኩ። ወደ አገር ቤት ግን ቃል አልላክሁም። ሞተሽ ቅሪ ተብያለሁና ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ደርግ እንደወደቀ በመተማ በኩል ገባሁ። እናቴ አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ወንድሜ አቅፎኝ አለቀቀኝም። ሰው ሁሉ ሟች ተነሣች ብሎ ሊያየኝ መጣ፤ ያኔ ሙሾ ያወረደችልኝ ሴትዮ እንኳ አፍራ ጥግ ተቀመጠች። ሰዉ ሲወጣ ዲግሪዬን ከሻንጣዬ አወጣሁና ለእናቴ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም። ስሜ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ጣቷን ይዤ አሳየኋት። አንብቢልኝ አለች። በምን ስም እንደኖርኩ አታውቅም። እየፈራሁ አነበብኩላት።

እጇን ከወረቀቱ ላይ መንጭቃ አነሣች። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበርና ውኃ አምጣልኝ ብላ ላከችው። እሱ ሲርቅ ማን ነገራቸው አለችኝ። እኔ ነኝ፣ ድንበሩን የተሻገርኩ ዕለት አልኳት። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ያነቀኝን ጠየቅኋት። «እማየ፣ በፍትሐቱ ተጠርቷል አይደል?»

«መምሬ ጠይቀውኝ ነበር» አለች። «ክርስትና ስሟን ንገሪኝ አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ረሳሁት አልኳቸው። እሳቸው ያውቁታል፤ ራሳቸው ናቸው ያጠመቁሽ። ቀና ብለው አዩኝና መጽሐፋቸውን ዘጉ፤ ፍትሐቱም ቀረ። ሴቶቹ የልጇን ክርስትና ስም የረሳች እናት እያሉ እስከ ዛሬ ያሙኛል።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ያንደኛውን ስምሽን ሰጠኋቸው፣ እንዳሻቸው ያልቅሱበት ብዬ። ሁለቱንም ብሰጥ ታዲያ አንቺ በምን ልትኖሪ?»

 ዲግሪውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጣቷን ስሙ ወዳለበት መለሰች።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩላት።