የሌሊት ሠራተኞቹ

በደርግ ጊዜ ላሊበላ አስተማሪ ሳለሁ ካድሬው ቢሮው አስጠራኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሠዓሊ ፊቱ አብጦ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ከዐለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የቀረውን የመሮ ፈለግ እየለካ፣ ሽማግሌዎች ከሚያወሩት አፈ ታሪክ ጋር አዋህዶ የሚሥል ነበር። ካድሬው ክንፍ ያላቸው ሰዎችና ብዙ ቁጥሮች ያሉበትን ሥዕል አሳየኝ።

"የአውሮፕላን ንድፍ ነው?"

"አይደለም ጓድ። አብያተ ክርስቲያናቱን ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ፈለፈሏቸው ይባላል። እሱን ነው የሚያጠናው" አልሁት፣ ይፈታዋል ብዬ።

"መልአክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሌሊት የሚሠሩት ሰዎች ናቸው" አለና ወደ ሠዓሊው ዞረ። "ስማቸውን ተናገር።"

ዱላ ሲነሳበት ሠዓሊው "ገብርኤል... ሚካኤል..." አለ።

ካድሬው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"መምህር ሚካኤል፣ ቀበቶህን ፍታ" አለኝ።