የካራማራው ጅብ

ገና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ መምህር የነበረው አባቴ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከጅግጅጋ ወጣ ብሎ ካራማራ ተራራ ላይ ወዳለ መዝናኛ ይወስደን ነበር። በክረምት ጉሙ ጎጆዎቹን ይውጣቸዋል፤ በበጋ ሣሩ ገርጥቶ ንፋሱ አቧራ ይረጫል። ሲመሽ ጥበቃው ሽማግሌ፣ እኛ ልጆች እንደ ሰፈሩ ሶማሌ ልጆች «አዴር»፣ አጎቴ፣ የምንላቸው፣ እሳት አንድደው ተረት ይነግሩናል። ጢሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ የፍሙ ብርሃን በሂና በቀላው ጢማቸው ላይ ሲወዛወዝ፣ ያኔ የማላምነው ነገር አልነበረም።

ጥርጣሬዬ የጀመረው በጅቡ ነው። በክረምቱ ተረት አንድ ዓይን ያለው ጅብ የሚኖረው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከእኛ ርቆ ነበር። በበጋ ስንመለስ ያው ጅብ ከውሃው ታንከር ጀርባ ሰፍሯል።

«ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወደዚያ የሄደ ልጅ አይመለስም» አሉን አዴር።

ጅብ ለምን ቤት ይቀይራል?

በማግስቱ አመሻሹ ላይ ተደብቄ ሄድኩ። አጥሩ ተከፍቶ ሴቶች አህዮቻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አዴር በውሃ ጎማ ጀሪካኖቻቸውን ይሞላሉ። በመሃል በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ጎማውን ተቀብላ ወደ አፏ ደግና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ውሃው በአንገቷ እየወረደ ትጠጣለች። አዴር ድንገት አዩኝ።

«ኩሬያቸው ደርቋል» አሉ ቀስ ብለው። ዝም በይ እንኳ አላሉኝም። አንዷ ሴት ግን ስትሄድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አዴር እጅ ላይ ስታኖር አየሁ።

ያን ምሽት የመዝናኛው ሥራ አስኪያጅ ወደ እሳቱ መጣ። «ውሃችን የት እንደሚሄድ አልታወቀም። ከታንከሩ ጀርባ ሰው አይታችኋል?»

አዴር አንገታቸውን ደፍተው እሳቱን ይቆሰቁሳሉ።

«እኛ ወደዚያ አንሄድም፤ ጅብ አለ» አልኩ።

እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ዞሮ ሄደ።

በበልግ ዝናብ ስንመለስ ተራራው ለምልሟል፤ በሩ ላይ የቆመው ግን ሌላ ጥበቃ ነበር። ስለ አዴር ስጠይቀው «አገራቸው ገቡ» አለኝ። አባቴ ቀስ ብሎ «ሳያባርሯቸው አይቀርም» አለ።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የምሳፈርበት ሚኒባስ የካራማራን ዳገት በወጣ ቁጥር አዴር ውሃውን ለሴቶቹ ሰጧቸው ወይስ ሸጡላቸው እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ጨርቁ ውስጥ የነበረው ቅቤ ይሁን ብር አላወቅኩም። አንዳንድ ቀን ሸጠውታል ብዬ እደመድማለሁ። ቢሸጡትም፣ ያ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ደግሞ ቢጠይቀኝ፣ ያቺን ልጅ ስትጠጣ አይቻታለሁና መልሴ ያው ነው።